ጠቅ ብሎ ዝም ያለው ቮልስ

(የመግቢያ ሙዚቃ ዝቅ ይላል)



የዛሬው ዝግጅታችን ስለ አሮጌ መኪና ኤሌክትሪክ ነው። ጊዜውን አይቼ ነው የመረጥኩት። መስቀል እየደረሰ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ የከረመ ቮልስ፣ ፊያት፣ ፔጆ፣ ዲኤክስ ሁሉ በዚህ ሰሞን ይታጠባል፣ ጎማው ይነፋል፣ ቤተሰብ ጭኖ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ እምድብር ይወርዳል። ዘይት ይቀየርለታል፣ ፍሬኑ ይታያል። ኤሌክትሪኩን ግን መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ባለፈው ዓመት ያጋጠመኝን ላጫውታችሁ። ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው ከወልቂጤ የሆሳዕናን መንገድ ይዤ፣ ጉብሬን አልፌ አታት ደረስኩ። አታት፣ ብዙዎቻችን አጣጥ የምንላት፣ በሆስፒታሏ የምትታወቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የአካባቢው ነፍሰ ጡርና ሕመምተኛ ተስፋ አድርጎ የሚመጣባት። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ አንድ ክሬም ቀለም ቮልስ ቆሟል። ፖርቶ መጋላው ላይ ፍራሽና ሁለት ሻንጣ ታስሯል። እናትና ልጆች ወርደው ሣሩ ላይ ቆመዋል፤ አራት ወጣቶች መኪናውን በግፊ ለማስነሳት እየታገሉ ነው። መኪናዬን አቁሜ ወረድኩ።

ባለቤቱ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው።

«ምን ሆነብዎት ጋሼ?» አልኳቸው።

«ሞተሪኖው ነው አሉኝ ልጄ። ጠዋት ወሊሶ ላይ አልነሳ ቢለኝ ባትሪው ሞቷል ብለውኝ አዲስ ገዛሁ። ለሰንጋ የማዋጣው ገንዘብ ነበር። እሱም አልበጀኝ፤ ወልቂጤ ላይ ደግሞ በግፊ አስነሱልኝና ሞተሪኖ ቀይር አሉኝ። አሁን እዚህ ጠፋ። የበዓል ዋዜማ ሞተሪኖ ከየት አመጣለሁ?»

ቁልፉን እንዲያዞሩልኝ ለመንኳቸው። ጠቅ አለ፤ ከዚያ ዝም። ደግመው አዞሩ። ጠቅ፤ ዝም። ቀጥዬ አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን እንዲያዞሩት። እኔ ከፊት ቆሜ መብራቱን አየሁ። ጠቅ ሲል መብራቱ ምንም አልደበዘዘም። ይህንን ልብ በሉልኝ። ባትሪ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ሞተሪኖው ሲጠይቀው መብራቱ እንደ ሻማ ይሟሽሽ ነበር። መብራቱ ደምቆ ከቀረ ባትሪው አልተጠየቀም ማለት ነው፤ ከባትሪው ሞተሪኖው ድረስ፣ ከሞተሪኖውም ባትሪው ድረስ ባለው መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተዘግቷል። ምንም መሣሪያ ሳይወጣ፣ አንድ ብሎን ሳይፈታ ችግሩ ወደ አንድ ሜዳ ጠበበ።

ኮፈኑን ከኋላ ከፈትኩና ሞተሩን አየሁ። ከልጆቹ አንዱ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ «የሆነ ነገር ይሸታል» አለኝ። እውነቱን ነው። ከካርቡራተሩ ጋር የሚያያዘውን የቤንዚን መስጫ ገመድ ስነካው ጣቴን ለበለበኝ። ሞተሩ ከጠፋ ቆይቶ የቀዘቀዘ መኪና ነው፤ ያ የብረት ገመድ ግን ግሏል። ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ታሪኩን ላቁምና ወደ ትምህርቱ ልግባ፤ ይህ ገመድ ለምን እንደጋለ የገባው ሰው የአሮጌ መኪና ኤሌክትሪክ እኩሌታው ገብቶታል።

ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣ ኤሌክትሪክ ሥራውን ሠርቶ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ መጀመሪያውኑ አይወጣም። ለእኛ ይህ አይከብደንም። ከጉራጌ አገር ወጥቶ መርካቶ የነገደ ሰው ለመስቀል ይመለሳል፤ በ1950ዎቹ ከተማ የገባው ጉራጌ ገንዘቡን አዋጥቶ የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን ያቆመውም የሄደው እንዲመለስበት ነው። ዛሬ የምንነዳበት የወልቂጤ፣ ሆሳዕና መንገድ የዚያ ሐሳብ ልጅ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክም መሄጃና መመለሻ ይፈልጋል። መሄጃው ሽቦ ነው፤ ቀለም አለው፣ ይታያል። መመለሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሽቦ አይደለም። የመኪናው አካል ራሱ ነው፤ ላሜራው፣ ሻንሲው፣ ሞተሩ። መካኒኮች ማሳ የሚሉት ይህንን ነው።

ሃምሳ ዓመት የሞላው ላሜራ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ይዝጋል። ሦስት ጊዜ ቀለም ተቀብቷል። የክረምቱ ጭቃ ገብቶበታል። ብሎኑ ላልቷል። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሽቦ ስንጎረጉር እንውላለን፤ የሚታየው እሱ ስለሆነ። በሙያው በቆየሁበት ዘመን ሁሉ እንዳየሁት ግን፣ አሮጌ መኪና ላይ «ይህ ዕቃ ተበላሽቷል» ተብሎ ከሚቀየረው ውስጥ ብዙው ደህና ዕቃ ነው። የታመመው መጋጠሚያው ነው፤ ከመጋጠሚያም የመመለሻው።

ወደ ቮልሱ እንመለስ። የቮልስ ሞተርና ካምቢዮ ከአካሉ ጋር የተያዙት በጎማ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ንዝረት እንዳይሰማ። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ፋብሪካው በካምቢዮው አፍንጫና በአካሉ መካከል አንድ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦ አስሯል። ከመኪናው ሥር ተኝታችሁ ሽቅብ ካላያችሁ አይታይም። ሞተሪኖው የሚወስደው ኃይል በሙሉ የሚመለሰው በዚያ ሹሩባ ነው። አንድ የፊት መብራት 4 ወይም 5 አምፔር ቢወስድ ነው፤ ሞተሪኖ ግን ከ100 አምፔር በላይ ይጎትታል። በዛገ መጋጠሚያ 5 አምፔር ሾልኮ ሊያልፍ ይችላል፤ 100 አያልፍም። ዋናው መንገድ ሲዘጋበት ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያገናኝ ሌላ ብረት ምን አለ? የቤንዚን መስጫው ገመድና የፍሪሲዮኑ ገመድ። በእነዚያ ቀጫጭን ገመዶች ልሂድ ሲል ያግላቸዋል። ልጁ ያሸተተው እሱን ነበር።

ይህንን በግምት አላለፍነውም፤ ለካነው። ቴስተር ያላችሁ ሰዎች ይህችን ልኬት ተማሩልኝ፤ ከሁሉም የምትጠቅም እሷ ናት። ቴስተሩን ቀጥተኛ ቮልት ላይ፣ 20 የሚለው ቁጥር ላይ አድርጉት። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ እርሳስ ላይ አሳርፉ፤ ኬብሉ ላይ ሳይሆን እርሳሱ ራሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ ካምቢዮው ወይም ሞተሩ ላይ ተፍቆ የነጣ ብረት ላይ። ከዚያ ሰው ቁልፉን ያዙር። መመለሻው ጤነኛ ከሆነ የሚታየው ቁጥር ከግማሽ ቮልት በታች ነው፤ ጎበዝ መኪና ላይ ከዚያም በጣም ያንሳል። እኛ ያየነው 5 ቮልት ገደማ ነው። ከ12 ቮልት ውስጥ አምስቱ መመለሻው ላይ ባክኖ ቀረ ማለት ነው። በቀረው ኃይል ሞተሪኖው ጠቅ ከማለት በላይ ምን ይሥራ?

ቴስተር የሌለውስ? ሌላ ዘዴ አለ። ባትሪ ከባትሪ የምናበድርበት ወፍራም ኬብል አለ አይደል? ጥቁሩን ብቻ ወስዶ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ላይ መቆንጠጥ ነው። ለኤሌክትሪኩ ጊዜያዊ መመለሻ ሠራንለት። በቮልስ ላይ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ስለሆነ ኬብሉን በበሩ አውጥተን ወደ ኋላ ዘረጋነው። «አሁን ያዙሩት ጋሼ።» ሞተሪኖው እንደ አዲስ ጎተተ፣ ሞተሩ ተነሳ። እናትየው እልል አሉ።

አሮጌው ባትሪስ? እውነትም ደክሞ ነበር፤ ያደከመውም ይኸው ነው። ዲናሞው የተቀመጠው ሞተሩ ላይ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ኃይልም ዙሩን የሚጨርሰው በዚያው ሹሩባ ነው። መንገዱ ሲጠብ ባትሪው በየቀኑ ጥቂት በጥቂት እየተራበ ሄደ፤ ወሊሶ ላይ አቃተው። አዲስ ሲገዛለት አዲሱም ያንኑ ርሀብ ወረሰ።

ሹሩባውን ፈታነው። ጎማዎቹ ፊትና ኋላ በድንጋይ ከተደገፉ፣ ማርሽ ውስጥ ከገባና የባትሪው ኔጌቲቭ ከተፈታ በኋላ ነው እኔ ሥር የገባሁት፤ ይህንን ማንም እንዳይዘልል። ብሎኑ ዝገት ውጦታል፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፋቅነው። ብሎኑ የሚያርፍበትን ላሜራም እንዲሁ፤ ብዙ ሰው ሽቦውን ብቻ ይፍቅና የሚያርፍበትን ቀለም ይረሳል። አጥብቀን ካሠርን በኋላ ከላይ ግራሶ ቀባነው፤ ውሃ እንዳይገባው። ኬብሉን አንስተን ደግመን ስንለካ ከግማሽ ቮልት በታች ወረደ። ወጪው አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ነው።

አሁን ባትሪው ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ችግር ከእሱ ይጀመራል፤ ብዙ ገንዘብም ያለ ጥፋቱ ይወጣበታል። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከቆመ በኋላ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል። 12.4 ሩቡ ጎድሏል፤ 12.2 ግማሹ ሄዷል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሪኖው ሲጎትት ከ9 ተኩል በታች መውረድ የለበትም። ሞተሩ ተነስቶ ትንሽ ጋዝ ሲሰጠው ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 አካባቢ መድረስ አለበት። እዚያ ካልደረሰ አልተሞላም፤ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ለቆታል፣ የባትሪውን ውሃ ያፈላዋል። እነዚህን ቁጥሮች የጓንት ሳጥኑ ክዳን ውስጥ በእስክሪፕቶ ጻፏቸው።

በቮልስ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ፤ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህንን አትርሱብኝ። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው ብያለሁ። የመቀመጫው ሥር ደግሞ የብረት ሞላ ነው። ፋብሪካው ባትሪው ላይ ክዳን ያደርግ ነበር፤ ያ ክዳን ዛሬ በብዙዎቹ ላይ የለም። ለመስቀል ስንሄድ ደግሞ ሁለት ሰው በሚቀመጥበት አራት እንቀመጣለን። መቀመጫው ይሰምጣል፣ ሞላው ዝቅ ብሎ የባትሪውን ሁለት ራሶች ይነካል፣ ኮንታክት ያደርጋል፣ ሞላው ይግላል፣ የመቀመጫው ሙሌት ይያያዛል። ቮልሶች በዚህ ምክንያት ነደዋል። የእኚያ አባት መኪና ላይም ክዳን አልነበረም። ከአንድ ጎሚስታ ያገኘነውን አሮጌ ካላማዳሪ ቆርጠን፣ በሁለት ደርብ ባትሪው ላይ አልብሰን፣ ዙሪያውን አሰርነው። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ቮልስ ካለ መቀመጫውን አንሱና እዩ።

ባትሪ ስትፈቱ ኔጌቲቩን መጀመሪያ ፍቱ፤ ስትመልሱ ኔጌቲቩን መጨረሻ አድርጉ። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ምክንያቱን ያወቀ አይረሳም። ፖዘቲቩን ስትፈቱ መፍቻው አካሉን ከነካ ባትሪው በሙሉ ኃይሉ በመፍቻው በኩል ይፈስሳል፤ ብልጭታ ይተፋል፣ እጅ ያቃጥላል። ኔጌቲቩ አስቀድሞ ከተፈታ ግን መመለሻ የለም፤ መፍቻው አካሉን ቢነካም ምንም አይሆንም። ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ጋዝ ደግሞ ይፈነዳል፤ አጠገቡ ሲጋራ አይጨስም፣ ክብሪት አይጫርም።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀይ የዲናሞ መብራት ብዙ ሰው ይንቀዋል። «ቤት እስክደርስ ባትሪው ይበቃኛል» ይላል። ሌላ መኪና ላይ ምናልባት። ቮልስ ላይ ግን አይሆንም። የቮልስ ሞተር በውሃ አይቀዘቅዝም፤ በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚሰጠው ፋን የተያያዘው ከዲናሞው ጋር ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው። ስለዚህ እየነዳችሁ ያ ቀይ መብራት ድንገት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩም በዚያች ደቂቃ ማቀዝቀዣ አጥቷል። የሚደርስባችሁ ከባትሪ ማለቅ የከፋ ነው፤ ሞተር ያቃጥላል። ዳር ያዙ፣ አጥፉ፣ ኮፈኑን ክፈቱ። ቺንጋው በቦታው ካለና ካልላላ፣ ያኔ ስለ ካርቦንና ስለ ሬጉሌተር እናስባለን። መለዋወጫ ቺንጋ ሳትይዙ ከአዲስ አበባ አትውጡ።

አሮጌ ዲናሞ ደግሞ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር የሚያመነጨው እጅግ ጥቂት ነው። በምሽት፣ ፓውዛ በርቶ፣ ዝናብ መጥረጊያ እየሠራ፣ ከጀሞ እስከ ዓለም ገና በመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ ስንቆም ባትሪው ከሚያገኘው በላይ ያወጣል። የእናንተ ባትሪ ወሊሶ ስትደርሱ የሚደክመው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ይህ የዲናሞው ተፈጥሮ ነው፤ ብልሽት ብሎ ዕቃ የሚያስገዛችሁ ሰው ቢመጣ መጀመሪያ በጎዳናው ላይ ሲሄድ ለክቶ ያሳያችሁ።

ፊውዝ። የእኚያ አባት ፊውዝ ሳጥን ውስጥ አንደኛው ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ነበር። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው። እኔም ወጣት ሳለሁ አድርጌዋለሁ፤ አንድ የዳሽቦርድ ሽቦ ቀልጦ ጭሱ ፊቴ ላይ እስኪወጣ ድረስ። ፊውዝ የተሠራው ሽቦው ከመቃጠሉ በፊት እሱ እንዲቃጠል ነው። የብር ወረቀት አይቃጠልም፤ ሽቦው ይቃጠላል። የቮልስ ፊውዞች በቀለም ይለያሉ፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። ነጭ ባለበት ቀይ አይገባም። ሌላም ነገር ላሳያችሁ። መብራት ከጠፋባችሁ ፊውዙን ከማውጣታችሁ በፊት እዚያው እንዳለ በጣታችሁ አዙሩት። ብዙ ጊዜ መብራቱ ይመለሳል። ፊውዙ አልተቃጠለም፤ ጫፉና የያዘው መዳብ መካከል ዝገት ገብቷል። በዚህ ከበራላችሁ ጊዜያዊ ነው፤ ቤት ስትደርሱ አውጥታችሁ ሁለቱንም ጫፍ ጥረጉ።

የፊት መብራት ደካማ ነው ብላችሁ ትልቅ ላምባዲና አትግዙ። ቮልስ ላይ ለመብራት የሚሄደው ኃይል ከኋላ መቀመጫ ሥር ተነስቶ፣ ፊት ድረስ ተጉዞ፣ በማብሪያው፣ በፊውዙ፣ በስንትና ስንት መጋጠሚያ አልፎ ነው የሚደርሰው። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይቀንስበታል። ቮልቱ በአሥር በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ የሚቀንሰው ወደ 30 በመቶ ገደማ ነው። በምሽት በአታትና በእምድብር መካከል ሰውም ከብትም ከመንገዱ ዳር ይሄዳል፤ ያ 30 በመቶ የሰው ነፍስ ነው። ላምባዲናው ሶኬት ላይ ለኩ፤ ባትሪው ላይ ለኩ፤ ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ጥረጉ።

የጀርመን መኪኖች፣ ቮልስም መርሴዲስም፣ አንድ ደግነት አላቸው። ዕቃዎቹ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። 30 ካለ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ፣ ቁልፍ ባይዞርም ሕይወት ያለው ነው። 15 ካለ ቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚነቃ። 31 መመለሻው፣ ማሳው ነው። 50 ሞተሪኖውን የሚያዝዘው። የሽቦ ቀለም በዘመን ይደበዝዛል፣ በጠጋኝም ይቀየራል፤ ቁጥሩ ግን ብረት ላይ ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች የያዘ ሰው የአንድ ቮልስን ሽቦ ሥራ አብዛኛውን ማንበብ ይችላል። አሮጌ መኪና የምወደውም ለዚህ ነው፤ ኮምፒውተር የለውም፣ የደበቀው ነገር የለም፣ መሄጃውም መመለሻውም በጣት ይከተሉታል።

መፈተሻ መሣሪያ የሌለው ሰው በራሱ ይሥራ። አንድ የጥላ መብራት ላምባዲና፣ ሁለት ሜትር ሽቦ፣ አንድ ሚስማር፤ አንዱን ጫፍ ማሳ ላይ አስሮ በሚስማሩ ቁጥር 15ን፣ ቁጥር 30ን መንካት ነው። ከበራ ኃይሉ እዚያ ደርሷል። ይህቺው ላምባዲና ሌሊት ባትሪ የሚያልቅበትንም መኪና ትይዛለች። ሁሉንም አጥፍታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ የኔጌቲቩን ኬብል ፈትታችሁ በኬብሉና በባትሪው መካከል አስገቧት። ደምቃ ከበራች የሆነ ነገር ተኝታችሁም ይጠጣል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጡ፤ የትኛው ሲወጣ እንደምትጠፋ እዩ። ቴፑ፣ ወይም የውስጥ መብራቱ ሊሆን ይችላል።

መኪናው ቀዝቃዛ ሲሆን ይነሳል፣ ወልቂጤ ደርሰን ክትፎ በልተን ስንመለስ ግን ጠቅ ብቻ ይላል የሚል ቅሬታም ይደርሰኛል። የቮልስ ሞተሪኖ ከሞተሩ ጎን ስለሆነ ያ ሁሉ ሙቀት ይደርሰዋል። ትእዛዝ የሚያደርሰው ሽቦ ደግሞ ከፊት ቁልፉ ድረስ ረጅም ነው፤ በመንገድ ላይ ይደክማል። መጋጠሚያዎቹን መጥረግ መጀመሪያ ነው። ካልበቃ ሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌ ማስገባት ነው፤ ረጅሙ ሽቦ ሪሌውን ብቻ ይቀስቅስ፣ ሪሌው ሞተሪኖውን ከባትሪው ኬብል ያብላው።

ሞተሪኖው እየጎተተ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ካንዴላ ላይ እሳት መኖሩን እዩ፤ ደማቅ ሰማያዊ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ቢጫና ሰነፍ ከሆነ ወደ ፑንቲናው ሂዱ። የቮልስ ፑንቲና ክፍተት 0.4 ሚሊሜትር ነው። መስከረም ላይ ጠዋት ጠዋት ጤዛ አለ፤ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውስጡን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የካንዴላ ሽቦ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይይዛል፤ ሞተር እየሠራ በእጅ አይያዝም።

ሰው ባትሪ ከማበደሩ በፊት ደግሞ ላምባዲናው ላይ ያለውን ቁጥር ያንብብ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1967 ሞዴል በፊት የተሠሩ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፤ ከዚያ በኋላም ተራዎቹ ጥቂቶቹ 6 ሆነው ቆይተዋል። 12 ቮልት ከተሰጣቸው መብራታቸው ይቃጠላል።

እነዚህ መኪኖች ሊተኩ አይችሉም። የመጨረሻው ቮልስ በሐምሌ 2003 በአውሮፓ አቆጣጠር ሜክሲኮ ፑኤብላ ከፋብሪካ ወጣ፤ እስከዚያ 21,529,464 ተሠርተው ነበር። እኛ ዘንድ ከ2012 ጀምሮ በአሮጌ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይስ ታክስ ከባድ ነው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ ከአባት ለልጅ የሚያልፍ። በግምት ዕቃ እየቀየርን ባንጨርሰው።

ወደ አታት ልመለስ። ሲመሽ ቤተሰቡ ገባ። አመስግነው፣ መርቀውኝ፣ ቮልሱ አስፋልቱን ያዘ። ከኋላ ሆኜ ሳይ ግራ ፍሬቻ አበሩ። ፍሬቻው ብልጭ ሲል የግራው የኋላ መብራትም አብሮ ጭልም ቦግ ይላል። ሮጬ አስቆምኳቸው። ሁለት መብራት እንዲህ አንዱ በሌላው ሲጫወት የሁለቱም መመለሻ አንድ ቦታ ላይ ታሟል ማለት ነው። የኋላ መብራቱን ክዳን በካቻቪቴ ፈታን። ያ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ የስልክ መብራት ያዘልኝ። የላምባዲናው ቤት የሚቀመጥበት ላሜራ ላይ ነጭ ዝገት ነበር።

«እንደ ሹሩባው ነው?» አለኝ።

«እንደ ሹሩባው ነው። ያዝ፣ አንተ ፋቀው።»

ፋቀው። ፍሬቻው ለብቻው ብልጭ አለ፣ የኋላ መብራቱ ለብቻው ጸንቶ በራ። ቮልሱ ወደ እምድብር ወረደ።

ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ አሮጌ መኪና ፍሬን እናወራለን። ደህና እደሩ።

(የመውጫ ሙዚቃ)